የመብራት ድጎማው ለማን ይደርሳል? ቆጣሪ የምትጋሩ ይህን አንብቡ

«ሕዳሴ ተመርቆ የመብራት ሒሳብ ለምን አይቀንስም?» በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ ይሄ ነው። ሌላው ደግሞ «ለአነስተኛ ተጠቃሚ ድጎማ አለ ይባላል፣ እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እየኖርኩ ለምን ይህን ያህል እከፍላለሁ?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ስለሆኑ ዛሬ አንድ ላይ እናያቸዋለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቤታችሁ ቢል የሚመጣ ወይም ካርድ የሚሞላ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት አይቆጫችሁም።

መጀመሪያ ስለ መለኪያው

ቆጣሪው የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ይባላል። በቃ ይሄው ነው። ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት በሠራበት ሰዓት አባዙት፣ ለ1,000 አካፍሉት፣ ስንት እንደበላ ታገኛላችሁ።

ብዙ ሰው «ስልክ ቻርጅ ማድረግ ነው ቢል የሚያስጨምረው» ይላል፤ አከራዮችም ይህን ሲሉ ሰምተናል። ስልክ በየቀኑ ሙሉ ቻርጅ ቢደረግ በወር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አራት አድርጋችሁ በቀን አምስት ሰዓት ብታበሩ በወር 5.4 ይሆናል። 80 ዋት የሚስብ ቴሌቪዥን በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ 12። ሁለት ስልክ ጨምሩበት፣ ድምሩ ወደ 19 አካባቢ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ርካሽ ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ሙቀት ሲመጣ ነው። 1,000 ዋት የሆነች ባለ አንድ ስቶቭ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ከሠራች ብቻዋን 45 ትበላለች። ምጣድን ግን ከሁሉም ለይተን ማየት አለብን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ታሪፉ እንዴት ነው የሚሠራው?

በኢትዮጵያ የቤት መብራት ዋጋ በእርከን ነው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት አንድ እርከን ነው፣ ከ51 እስከ 100 ሌላ፣ ከ101 እስከ 200 ሌላ፣ እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይሄዳል። የበለጠ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ደሃ ነው፣ ብዙ የሚጠቀም አቅም አለው፣ ስለዚህ ብዙ የሚጠቀመው ትንሽ የሚጠቀመውን ይደግፍ። ይህን «ትንሽ የሚጠቀም ደሃ ነው» የሚለውን ግምት ያዙልን፣ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለ12 ዓመት ያህል ታሪፉ ምንም አልተነካም። ዕንቁላሉም፣ ጤፉም፣ ታክሲውም ሲጨምር መብራት ባለበት ቆየ። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ታሪፍ ወጣ። ያኔ መንግሥት አንድ ነገር አደረገ፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለውን እርከን ሳይነካ ተወው። በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ከምናምን ነበር፣ በዚያው ቀጠለ። ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን በአራተኛው ዓመት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገባ። ማለትም በታችኛውና በላይኛው እርከን መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ ደረሰ።

አሁን እየተሠራበት ያለው ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የጀመረው ነው። ይሄኛውም ለአራት ዓመት የሚቆይ ሲሆን በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። «ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረም፣ ምንም አዲስ ዕቃም አልገዛሁም» ብላችሁ የምትገረሙት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ድጎማው ታሪፉ ሲወጣ እንደተገለጸው እንዲህ ነው፦ በወር እስከ 50 ለሚጠቀሙ 75 በመቶ፣ እስከ 100 ለሚጠቀሙ 40 በመቶ፣ እስከ 200 ለሚጠቀሙ 4 በመቶ። ከዚያ በላይ ድጎማ የለም። የታችኛው እርከንም በዚህኛው ዙር እንደ 2011ዱ ሙሉ በሙሉ ከጭማሪ አላመለጠም፤ ቢሆንም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር አሁንም በጣም ርካሽ ነው።

ከ75 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 4። ሁለተኛውን ዝላይ ልብ በሉት። 100ን ያለፈ ቤት ድጎማው አለ ከማለት የለም ማለት ይቀለዋል።

በላዩ ላይ ቫት አለ። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ኤሌክትሪክን ወደ ታክሱ አስገብቶታል፤ ሆኖም በወር እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት አይመለከተውም። 200ን ያለፈ 15 በመቶ ቫት አለበት። ስለዚህ 200 ላይ ሁለት ነገር በአንዴ ነው የሚሆነው፤ የመጨረሻዋ ድጎማ ትቀራለች፣ ቫቱ ይመጣል።

ምጣድ እና 50

አሁን ወደ ምጣዱ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ማሞቂያውን ጨምሮ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከተጋገረ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በየሦስት ቀኑ የሚጋግር ቤት በወር አሥር ጊዜ ይጋግራል። 70። አምፖል ሳይበራ፣ ቴሌቪዥን ሳይከፈት፣ ለእንጀራ ብቻ 70 ማለት ነው።

ስለዚህ እቤቱ በኤሌክትሪክ እንጀራ የሚጋግር ቤተሰብ፣ የቱንም ያህል ደሃ ቢሆን፣ የመጀመሪያው እርከን ውስጥ መቆየት ይከብደዋል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢጋግር 28 ይሆናል፣ ከአምፖሉና ከቴሌቪዥኑ ጋር 47 ገደማ ነው። ለጥቂት ነው የሚተርፈው። አንዲት ስቶቭ ወይም ፍሪጅ ከተጨመረች አለቀ።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት እንበል። መንግሥት በአንድ በኩል ሕዝቡ ከእንጨትና ከከሰል እንዲላቀቅ ይፈልጋል፣ ደኑም ይተርፋል፣ የእናቶችም ዓይንና ሳንባ ይድናል። በሌላ በኩል ደግሞ የድሃ እርከን ብሎ ያሰመረው መስመር ምጣድ የሌለውን ቤት ነው የሚያቅፈው። የከሰል ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። 50 የሚለው ቁጥር መብራት ማለት አምፖልና ሬዲዮ ለነበረበት ዘመን ይመጥን ነበር።

አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤት

ዋናው ጉዳያችን ይሄ ነው። ድጎማው የሚሰጠው ለቆጣሪ ነው፣ ለሰው አይደለም። ቆጣሪው ከጀርባው ስንት ቤተሰብ እንዳለ አያውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ በክልል ከተሞችም ቢሆን፣ ስንት ተከራይ ነው በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ የሚጋራው? ከአዘጋጆቻችን አንዱ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ባለቤቶቹን ጨምሮ አምስት ቤት አለ፣ ቆጣሪው አንድ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ስላለው ይህ ችግር አይነካችሁም፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንዱን ቤት ካልተከፋፈላችሁት በቀር።

በምሳሌ እንየው። አራት ቤት ያለበት ግቢ አስቡ። አንደኛው ቤት ባለ ምጣድ ነው፣ በወር 70 ይጠቀማል። ሁለተኛው ስቶቭ አለው፣ 45። ሦስተኛው ቴሌቪዥንና አምፖል ይዞ 25። አራተኛው ላጤ ነው፣ ሲመሽ ገብቶ ሲነጋ ይወጣል፣ 20። ድምሩ 160።

እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሦስቱ ሙሉ በሙሉ 75 በመቶ ድጎማ ባለበት እርከን ውስጥ ናቸው። ባለ ምጣዱም 40 በመቶ ባለበት ውስጥ ነው። ከአራቱ አንድም ሰው 100 አላለፈም። ቆጣሪው አንድ ሲሆን ግን ግቢው 160 ተጠቅሟል ተብሎ 4 በመቶ ድጎማ ያለበት እርከን ውስጥ ይገባል። በመንግሥት ዓይን ያ ግቢ አንድ መካከለኛ ቤተሰብ ነው። አንድ ተጨማሪ ተከራይ 45 ይዞ ቢገባ ደግሞ 205 ይሆንና ቫትም ይጀምራል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር፣ ድጎማው ለእሱ ነው የተባለለት ሰው ነው።

የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ምግቡን በጋዝ የሚያበስል፣ እንጀራ ከሱቅ የሚገዛ ጥሩ ደሞዝተኛ ግን በ50ው ውስጥ ሆኖ ሙሉውን ድጎማ ሊወስድ ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የማስተካከያው መስፈሪያ ነው የተሳሳተ ነገር የሚሰፍረው።

«ታዲያ ተከራዩ የራሱን ቆጣሪ ያስገባ» ትሉ ይሆናል። ይዞታው በባለቤቱ ስም ነው፤ ተከራይ ያለ አከራዩ ፈቃድ የሚሠራው ነገር የለም። አከራይም ለስድስት ወር ለሚቀመጥ ሰው ቆጣሪ ላስገባ ብሎ አይሮጥም። ከዚያ የሚቀረው መከፋፈል ነው፣ ጠቡ ያለውም እዚያ ነው።

ታዲያ ሕዳሴስ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ቦንድ የገዛ፣ ከደሞዙ ያስቆረጠ ሰው «የታለ ጥቅሜ?» ብሎ መጠየቁ ልክ ነው።

ነገር ግን ኃይል ማመንጨትና እቤታችሁ ማድረስ ሁለት ሥራ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋሙ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በትልልቁ መስመር ያስተላልፋል፣ ለውጭም ይሸጣል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለእኔና ለእናንተ ያከፋፍላል። ግድቡ ውሃውን በነጻ ያገኛል። ትራንስፎርመሩ፣ ኬብሉ፣ ቆጣሪው ግን አብዛኛው በዶላር ነው የሚመጣው፣ ብድሩም የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አዲሱ ታሪፍ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። መንግሥት የያዘው መንገድ ታሪፉ ቀስ በቀስ ወጪውን እንዲመልስ ማድረግና ከታች ያለውን በድጎማ መደገፍ ነው። ስለዚህ ግድቡ ስለተመረቀ ብቻ በዚህ የአራት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ዋጋ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ለውጭ የሚሸጠውስ? ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ በሚገባው መስመር ለኬንያ ይሸጣል። «እኛ ሳንጠግብ» የሚል ቁጣ በኮሜንት ሁልጊዜ እናያለን። የውጭ ሽያጩ ዶላር ያመጣል፣ በዚያ ዶላር ትራንስፎርመር ይገዛል፤ ይህ ክርክር ያስኬዳል። የማያስኬደው ሚሊዮኖች ገና መስመር ሳይደርሳቸው፣ ከተማም ውስጥ ኃይል እየተቆራረጠ፣ ዶላሩ የት እንደገባ ለሕዝብ በግልጽ ካልተነገረ ነው።

ኬንያን ካነሳን አይቀር፣ ዋጋ «ቀንስ» ብሎ ማዘዝ ምን እንደሚመስል እዚያ ታይቷል። የኡሁሩ ኬንያታ መንግሥት መብራትን በ30 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ በፈረንጆቹ ጥር 2022 የመጀመሪያውን 15 በመቶ ቀነሰ። ሁለተኛው 15 የግል ኃይል አመንጪዎች ጋር ያለውን ውል በማስተካከል ሊመጣ ነበር፤ ውሉ አልተስተካከለም፣ 15ቱም አልመጣም። ሚያዝያ 2023 ላይ ዋጋው መልሶ ጨመረ፣ የድሃ የሚባለው እርከንም ከ100 ወደ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ጠበበ። የእኛ 50 ከዚያ ይሻላል። ዋጋውን ማን እንደሚሸፍነው ሳይታወቅ የሚቀነስ ነገር ግን ዕድሜ የለውም።

እኛም አገር ዋጋው ሳይነካ ቢል የሚቀንስ ነገር ተሠርቶ ያውቃል። ከ15 ዓመት በፊት ገደማ የድሮውን ቢጫ አምፖል እየሰበሰቡ ኃይል ቆጣቢውን በነጻ ያድሉ የነበረበትን ጊዜ እናቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ያስታውሱታል። ሚሊዮኖች አምፖሎች ናቸው የታደሉት። በዚያው መንገድ ዛሬ ሙቀት የማያባክን የተሻሻለ ምጣድ በረጅም ጊዜ ክፍያ ቢቀርብ፣ ከየትኛውም ድጎማ በላይ ቢል ይቀንሳል ብለን እናስባለን።

እስከዚያው ምን ማድረግ ይቻላል?

ግቢ ውስጥ የምትጋሩ ከሆነ በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ከሁሉም የተሻለ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ የሚገጠም ነው፣ ከአከራይ ጋር ወጪውን መካፈል ይቻላል። እርከኑን አይቀይርላችሁም፣ ዋናው ቆጣሪ ያው አንድ ነው። ክፍፍሉን ግን ያስተካክላል። ቅድም ያየነውን ግቢ ውሰዱ፣ የወሩ ቢል 480 ብር መጣ እንበል። በእኩል ሲካፈል ለአንድ ቤት 120 ብር ነው። በተጠቀሙት ልክ ከሆነ፣ 480ን ለ160 አካፍሉ፣ 3 ብር ይመጣል፤ ላጤው 60 ብር፣ ባለ ቴሌቪዥኑ 75፣ ባለ ስቶቩ 135፣ ባለ ምጣዱ 210 ይከፍላል። ላጤው እስከዛሬ በየወሩ 60 ብር ለሌላ ሰው እንጀራ ሲከፍል ነበር ማለት ነው።

ትንሽ ቆጣሪ ካልተቻለ በዕቃ ተስማሙ። ከላይ እንዳየነው ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ያለው ቤት ከፍ ያለውን ይያዝ፤ «ስልክ ቻርጅ በቀን ይህን ያህል» የሚል ሒሳብ ከመጣባችሁ ግን ይህን ጽሑፍ አሳዩ።

ቢል የሚመጣባችሁ ሰዎች፣ በየወሩ በአንድ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ቢሉ ላይ ያለው «የአሁን ንባብ» ፎቶው ላይ ካለው ጋር በጣም ከተራራቀ በግምት ተሞልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይሄ በእርከን ታሪፍ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ለሁለት ወር ዝቅ ተደርጎ ተሞልቶ በሦስተኛው ወር የተጠራቀመው በአንዴ ከተጻፈ፣ በየወሩ 45 የምትጠቀሙ ሰዎች በአንድ ወር 100 እንዳለፋችሁ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ፎቶዎቹን ይዛችሁ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ሄዳችሁ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላላችሁ ጠይቁ። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ከሆነ ክርክሩ ያጥራል።

ካርድ የምትሞሉ ደግሞ እርከኑ የሚቆጠረው በወር ስለሆነ በወሩ መጨረሻ አካባቢ የሞላችሁት ያው ብር ያነሰ ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሰጣችሁ አትደንግጡ፤ ወሩ ውስጥ ከፍ ወዳለው እርከን ገብታችሁ ሊሆን ይችላል።

ግቢያችሁ 100 ወይም 200 አካባቢ የሚዋዥቅ ከሆነ ወሩ ሳያልቅ ቆጣሪውን እያያችሁ ተነጋገሩ። 196 ላይ ያለ ግቢ የመጨረሻዋን ጋገራ ለመጪው ወር መጀመሪያ ቢያቆያት ቫቱን ያመልጣል። አንዳንዴ ጉዳዩ የአንድ ቀን ምጣድ ብቻ ነው።

በእናንተ ግቢ ስንት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው? ሒሳቡንስ እንዴት ነው የምትካፈሉት? ጻፉልን፣ የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ካላችሁ ለሌሎች እናጋራለን።